ድንጋዩን ያመጣው ሰው

ልጄ የተወለደችው ፎርም ቱ ቢ በሚባል የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ በሩ ላይ እንዲያ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ያኔ ግን ክፍሉ በርም አልነበረውም። ጥቁር ሰሌዳ የነበረበት ግድግዳ ላይ ምስማር መትተን ልብሳችንን እንሰቅል ነበር። ክፍሉን በመሃል በአንሶላ ጋርደነው፣ በወዲያኛው በኩል አንዲት የሶማሌ ሴት ከነልጆቿ ትኖር ነበር። ምጥ ሲይዘኝ አንሶላውን ገልጣ የገባችልኝ እሷ ናት። ልጄን በእጇ ተቀበለቻት። ከላያችን ግማሹ ላስቲክ፣ ግማሹ ሰማይ ነበር።

እና አሁን ሰዎች ተሰብስበው የትምህርት ቤቱን ታሪክ ሲያወሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግማሾቹ እኮ ያኔ ለንደን ነበሩ።

ሕንፃውን የሠሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ይሄ እውነት ነው። የተጠረበ ድንጋይ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፊት ለፊቱ ረጅም በረንዳ። ሰውዬው፣ ባሌን ማለቴ ነው፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያደንቀው ነበር። እነዚህ ሰዎች ተመልሰው ሊሄዱ አስበው አይደለም የሠሩት ይል ነበር። ከእንግሊዝ በኋላ መንግሥት መጣና ቢጫ ቀባው። ከዚያ ጦርነት መጣ። አይሮፕላን ጣራውን ገነጠለው፤ አይሮፕላን የተወውን ቆርቆሮ ደግሞ ሰው ነቅሎ ወሰደው። በሩም፣ መስኮቱም፣ የተማሪ ወንበሩም ምድጃ ገባ። ሰላም ሲወርድ ከስደት የተመለሰና ቤቱ ፈርሶ የጠበቀው ሰው ክፍል ክፍሉን ተካፍሎ ገባበት። እኛ የደረስነው ከሁሉም መጨረሻ ነው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ እሱ የወሎ። ድሬ ተገናኝተን ተጋባን፤ በጠረፏ ከተማ በውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግረን ሐርጌሳ ገባን። እሱ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በርበራ ወደብ ወርዶ ሲሚንቶና ዱቄት ጭኖ ይመጣል። እኔ ሳምቡሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። ያንን ክፍል ያሳየን ሌላ የሀበሻ ሹፌር ነው። ስንገባ የማን ልጆች ናችሁ ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም። ጣራ የለውማ፣ ማን ምን ብሎ ይከራከርበታል።

ልጄ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ውጡ ተባልን። ሕንፃው ተመልሶ ትምህርት ቤት ሊሆን ነው። ይሁን፣ ትምህርት ቤት ማን ይጠላል። ዕቃችንን ተሸክመን ዳሚ የሚባል ሰፈር ወረድንና ከጨርቅና ከላስቲክ ጎጆ ቀለስን። ዳሚ ሰው የሚኖረው ሌላ የሚሄድበት ሲያጣ ነው፤ እኛም አጥተን ነበር። ሰውዬው ሥራው ደህና ሲሆንለት ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ልጆቹ አድገው ውጭ አገር ሄደዋል፤ ከሚስቱ ጋር ብቻቸውን ናቸው። ደግ ሰው ነው። ይሄን የምለው አስቤበት ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀለኝ ነበር።

ሰውዬው ከዱንያ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ እንድትጨርስ። ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ወላሂ። እሱ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ወደብ ላይ ጭነት ሲረከብ ወረቀቱን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ልጁ የሚሆን ጎረምሳ ነው፣ እየሳቀበት ያነብለታል። ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የልጅቷን ደብተር ነው። ምኑንም አያነበው፤ ገጹን እያገላበጠ የጻፈችው ብዙ መሆኑን ብቻ ያያል። እኔ ሳምቡሳ ታግዘኝ ብል ይቆጣል፤ እጇ ዘይት አይንካው ይላል። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ የኔ እጅ ዘይት ሲነካው ምንም የማይመስለው ሰው።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ያ ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ሊጨምር ተነሳ። አሮጌው የእንግሊዝ ሕንፃ ሞልቷል፤ ተማሪው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይማራል። የግሉ ትምህርት ቤት ደግሞ የኛ አቅም አይደለም። እና መዋጮ ተጀመረ።

እዚህ አገር መዋጮ የሚሰበሰበው በዘር ነው። ልሰድባቸው አይደለም፤ አሠራራቸው ነው፣ ያችን የፈረሰች ከተማ ያነሷትም በዚሁ ነው። ሰው ይሰበሰባል፤ የየቤተሰቡ ሽማግሌ ተራ በተራ ይነሳና የእነ እገሌ ልጆች ይሄን አመጡ ብሎ ይጠራል። የተሰበሰበው ሁሉ ይሰማል፣ አለቀ። መጻፍም አያስፈልግ፤ የሰማው ሁሉ ምስክር ነው። ግን የሚነሳለት ሽማግሌ የሌለው ሰው ተራራ ቢያመጣ ማን ይጠራለታል?

ሰውዬው ጁምዓ ጁምዓ እረፍቱ ነው። የመኪናውን ባለቤት አስፈቀደና ከሶላት በኋላ ከከተማው ውጭ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ መጫን ጀመረ። ከደረቁ ወንዝ ደግሞ አሸዋ። ሌሎች ሹፌሮች ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ሲጋደሙ እሱ እስከ አናቱ አቧራ ለብሶ ድንጋይ ይጭናል፣ ያራግፋል። ያንን ሁሉ ጁምዓ እኔ ስጮህበት ነበር። ወገብህ ይሰበራል፣ እረፍ፣ ማንስ አመሰገነህ እለው ነበር። ለልጄ ነው ይለኛል። የሚማሩበትን ድንጋይ ያመጣ ሰው ልጁን ማን ይከለክለዋል ብሎ ነበር የሚያምነው።

መዋጮው ሊጠራ ሲል የቤታችን ባለቤት ሽማግሌው፣ ለቤተሰቡ የሚነሳው እሱ ነው፣ መጣና ጠየቀው። ድንጋዩንና አሸዋውን በማን ልጥራው አለው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"የእርስዎና የኔ ምን ልዩነት አለው? በእርስዎ ይጠራ" አለ።

አቦ፣ ይሉኝታ የሚባል በሽታ! እኛ ጋ እንዲህ የተባለ ሰው ምን እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ኧረ በፍጹም፣ የደከምክበት አንተ ነህ ይላል። ያኛው ደግሞ ግድ የለም ይላል። ሁለቱም ይገፋፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የደከመው ሰው ስም ይጠራል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ሽማግሌው ግን ሶማሌ ነው። የተባለውን ሰማ፣ ሰውዬውን መረቀው፣ ሄደ። በእርስዎ ይጠራ ከተባለ በእርሱ ይጠራል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በስብሰባው ላይ ተነስቶ፣ ድንጋዩም አሸዋውም የእነ እገሌ ልጆች ነው ብሎ የራሱን ቤተሰብ ጠራ። ሰው ሁሉ ሰማ። ሰውዬው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እሱም ሰማ። ቤት ሲመጣ ደህና ነው፣ ሽማግሌው ይናገርልናል አለኝ። እኔ ግን የተጠራው ከተጠራ በኋላ ማን ይሰማዋል አልኩት፣ እራቱን ፊቱ እያስቀመጥኩ።

የፈራሁት አልቀረም። አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ፎርም ዋን፣ የኛው ዘጠነኛ ክፍል መሆኑ ነው፣ የሚገቡት መጀመሪያ ያዋጡት ቤተሰቦች ልጆች ይሁኑ ተባለ። የተረፈ ቦታ ካለ ለሌላው ይሰጣል። የተረፈ አልነበረም። ሽማግሌው ሄዶ ተናገረልን፣ አልዋሽም፤ ድንጋዩን የጫነው ይሄ ሀበሻ ነው አላቸው። ኮሚቴው በትህትና አዳመጠው። ሰውዬው በመኪናው እንደሠራ እናውቃለን፣ አላህ ይስጠው፣ ግን የተጠራው ያንተ ቤተሰብ ነው አሉት። ለእንግዳ አንድ ቦታ ከሰጠን ነገ በር ላይ ስንት ሰው ይሰለፋል አሉት። ያንተ ቤተሰብ ግን ቦታ አለው፤ ልጅ ካለህ አምጣ አሉት።

ሽማግሌው ለትምህርት ቤት የሚሆን ልጅ የለውም። ከዓመታት በፊት ጅጅጋ ወርዶ ይነግድ የነበረ፣ እዚያው ታሞ የሞተ አንድ ወንድም ግን ነበረው። እዚያ ሚስት ነበረችው ይባላል፤ ከዚህ ሰው አይቷት አያውቅም። እና አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሽማግሌው ክፍላችን መጣና ተቀመጠ። ብዙ ከዞረ በኋላ ተናገረው። ልጅቷን የወንድሜ ልጅ ናት ልበላቸው አለ። አባቷ ሞቷል፣ እናቷ ጅጅጋ ናት፣ እኔ ነኝ የማሳድጋት እላለሁ። ሶማልኛዋ ከኛ ልጆች አይለይም፣ መልኳም ቢሆን አያስጠረጥርም። እናንተ እዚሁ ናችሁ፣ እሷም እዚሁ ናት፤ ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም። ውጭ ላይ ብቻ ተከራዮቼ ናችሁ።

እኔ ምን እንዳልኩ ባልናገር ይሻላል። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ አሳለፈኝ። ሰውዬው ግን ቀና አለ።

"ሞቼም ከተማረችልኝ ምን ቸገረኝ" አለ።

በቃ፣ እንዲህ አድርገው ገደሉት። እኔን ደግሞ ጅጅጋ ላይ ጣሉኝ።

ሶማሌ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ መቁጠር ይማራል። ማን ነህ ሲሉት አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ ይወጣል። ልጅቷም የሽማግሌውን ወንድም አባቷ አድርጋ፣ ከሱ በላይ ያሉትን ሁሉ መሸምደድ ነበረባት። እና ያስጠናት ማን መሰላችሁ? ራሱ ሰውዬው። ከሽማግሌው እየሰማ መጀመሪያ እሱ ሸመደደ፤ ከዚያ ፊቱ አቁሞ ያስቆጥራታል። አንዱን ስትዘል ተመለሽ፣ አንድ አያትሽን ረሳሽ ይላታል። የራሱን አባት ስም ጠይቋት አያውቅም ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ።

ገባች። ዩኒፎርሟን ለብሳ የወጣች ቀን ሰውዬው መኪናውን ከትምህርት ቤቱ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ እስክትገባ መስታወት ውስጥ አያት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፈም። ሰው ቢያየኝ ይጠረጥራል ይል ነበር። ልጅቷም ተማረችው። ሱቅ በረንዳ ላይ ሳምቡሳ ስሸጥ ጓደኞቿን ይዛ ስታልፍ አይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። በሰው ፊት ምንም ብላ አትጠራኝም ነበር፤ እናቴም አትል፣ ሌላም አትል። ቤት ስትገባ ግን ጭኔ ላይ ትተኛለች። ልጅ ናት፣ ምን ላድርጋት።

አዲሱ ሕንፃ የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው። ድንኳን ተተከለ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከውጭ የመጡ ሰዎች ኮትና ክራቫት አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ወንበሩን ከየሰርግ ቤቱ እየሰበሰበ ያመጣው ሰውዬው ነው፤ መኪና ያለው እሱ ነዋ። ካራገፈ በኋላ ሂድ ያለው ስላልነበረ ኋላ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ ጀርባ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ታሪክ የምታነብ ተማሪ ተመርጣለች ተባለ፤ ድምጿ የሚያምር። የኔዋ ናት።

ማይኩን ይዛ ቆመች። ነጭ ሻሽ አድርጋለች። እንግሊዞች እንደሠሩት አነበበች፤ ጦርነት እንዳፈረሰው አነበበች። ከዚያ፣ ሕንፃው ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆመ አለች። ባዶውን! እኔን ያዋለደችኝ ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እሷም ዛሬ እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ልጅቷ አልተደናቀፈችም። አስተማሪዎቹ የጻፉላትን ነው የምታነበው፤ ግን ያንን ቃል ስታልፍ ድምጿ ትንሽ ይሰበራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተሰበረም። ድንጋዩንና አሸዋውን የእነ እገሌ ልጆች አመጡ ብላ የሽማግሌውን ቤተሰብ ጠራች። ሰው አጨበጨበ።

ሼኩ ለዱዓ ተነሱ። ለሕንፃው የደከሙትን፣ በሕይወት ያሉትን አላህ ዕድሜ እንዲሰጣቸው፣ የሞቱትን እንዲምራቸው ለመኑ። ከዚያ ወደ ልጅቷ እጃቸውን ዘርግተው፣ የዚህችን ጎበዝ ልጅ አባት አላህ ይማረው፣ ቀብሩን ያስፋለት አሉ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። እኔ ዞሬ ኋላ አየሁ። ሰውዬው ወንበር በተሸከመበት አቧራማ እጁ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። አሚን አለ። ከሁሉም አስረዝሞ አለ። ከዚያ እንደ ሰዉ ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

ቤት ስንገባ አልለቀቅኩትም። ሟቹ፣ እራትህ ቀርቧል አልኩት። ሳቀ። ሟቹ፣ ነገ በርበራ ነህ ወይስ ገነት ነህ አልኩት። ይሄንንም ሳቀ። ልጅቷ ሳህኗን ገፍታ ተነሳች። እሱ ግን ጠራትና ደህና አነበብሽ፣ አልፈራሽም አላት። ያን ጊዜ ስልቻ ሙሉ ስድብ ነበረኝ፤ ማን ላይ እንደማፈሰው ግን ጠፋኝ። ሽማግሌው ላይ እንዳላፈስ ልጄን ያስገባ እሱ ነው። ሼኩ ላይ እንዳላፈስ የማያውቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው ላይ አፈሰስኩት፤ የሚችለው እሱ ነዋ።

አመታቱ ሄዱ። ልጅቷ በየዓመቱ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ትወጣለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሽማግሌውን ጠርቶ የወንድምህ ልጅ ዶክተር ትሆናለች ብሎታል፤ ሽማግሌው መጥቶ ለሰውዬው ይነግረዋል፤ ሰውዬው በርበራ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሀበሻ ሹፌር ሁሉ ይናገራል። እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነበር አባት የሚሆነው። ሻይ ቤት ቆመው ልጄ ፎርም ፎር ደርሳለች ሲል ሹፌሮቹ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል። ፎርም ፎር የመጨረሻው ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ አገር አቀፉ ፈተና አለ፤ ያንን ያላለፈ የትም አይገባም፤ አንድ ትምህርት ያመለጠው ደግሞ ዓመት ይጠብቃል።

የፈተናው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነው። ልጅቷ ሻሿን እያሰረች ነበር። ሽማግሌው ስልኩን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ቆመ። ፊቱን አይቼ አወቅኩት።

የበርበራን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግመል በፈለገው ሰዓት ይሻገራል። ግመል የገጨ ሹፌር ዘመዶቹ ተሰብስበው አብረውት ይቆማሉ፤ ከባለግመሎቹ ጋር ተነጋግረው ይጨርሱታል። የሀበሻ ሹፌር ግን ማን ይቆምለታል? ስለዚህ የኛ ሰዎች ግመል ሲያዩ ከመግጨት መሪ መጠምዘዝ ነው የለመዱት። ሰውዬው ከፈጅር ሶላት በኋላ ሲሚንቶ ጭኖ ከበርበራ ወጥቷል። ግመሏ ተረፈች። መኪናው ጎድጓዳው ውስጥ ተገለበጠ፤ ሲሚንቶው ከኋላ መጥቶ ጋቢናውን ጨፈለቀው። ከኋላው ይመጣ የነበረ ሌላ ሀበሻ ሹፌር ነው ያወጣው። ሲያወጣው ሞቷል።

ጮህኩ። መሬት ላይ ወደቅኩ። የሽማግሌው ሚስት ያዘችኝ። ልጄ እንዳለች ቆማለች፤ ሻሹ ግማሹ ታስሮ ግማሹ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አላለቀሰችም። ሄጄ ላስፈቅድ አለች። ልቅር ብዬ ጠይቄ መጣሁ አለችና በሩጫ ወጣች። እስክትመለስ ሬሳው ይመጣል፣ ፊቱን ታያለች ብዬ ጠበቅኩ።

ሬሳው መጣ። አጠቡት፣ ከፈኑት። ፊቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ጢሙ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ቀርቶበት ሽማግሌው ራሱ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገለት። ልጄ የለችም። ቆዩ፣ ትንሽ ቆዩ አልኳቸው። ሬሳ አይቆይም፣ ሱና አይደለም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዩልኝ አልኩ። ሽማግሌው ሰው ልኮ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሊያስጠራት አሰበና ተወው። ምን ብሎ ያስጠራታል? ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ ተሸክመው ወጡ። ሴት ቀብር አትወርድም፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ።

ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተክሎ ነበር፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ እኛ በአንድ በኩል። የሀበሻ ሴቶች ከየሰፈሩ መጥተው ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ከቀብር ተመልሰው ቁርአን ሲቀራ ነው በግቢው በር ብዙ ተማሪ የገባው። ነጭ ሻሽ፣ ሰማያዊ ቀሚስ። ከፊታቸው ዳይሬክተሩ አለ። የድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀ፤ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም ጥሩ ሰው ናቸው።

"እኅቴ፣ ሟቹን አላውቀውም ነበር" አለኝ። "ዛሬ ጠዋት ይህች ተማሪዬ እያለቀሰች መጥታ ከፈተና ልቅር አለችኝ። ማን ሞተብሽ ብላት ጎረቤታችን ነው አለችኝ። ለጎረቤት ፈተና አይቀርም፣ ግቢ አልኳት። ገብታ ጻፈች። ግን ለጎረቤቷ እንዲህ የምታለቅስ ልጅ ብቻዋን መሄድ የለባትም ብዬ ጓደኞቿን ሁሉ ይዤ መጣሁ።"

በወንዶቹ በኩል የተቀመጠው ሽማግሌ መሬት መሬቱን ያያል። አጠገቤ ያሉት የሀበሻ ሴቶች ነገሩን ያውቃሉ፤ አንዷ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። እኔ አላህ ይስጥህ አልኩት። ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ልጄ ብዬ ብጮህ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። የሽማግሌው ቃል ሐሰት ይሆናል፤ ልጅቷ አታላ የገባች ትባላለች፤ ፈተናው ገና አልታረመም። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ጁምዓ፣ ያ አሚን ያለበት እጁ፤ ዛሬ ያጠቡት እጁ። አንድ ቃል ነው። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

ልጃገረዶቹ ተሰልፈው ገቡ። እንደ ወጉ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ እጄን ይጨብጣሉ፣ አላህ ይማረው ይላሉ፣ ያልፋሉ። ከመሃላቸው ነች። ከፊቷ ያሉት ሲያልፉ አያታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ከንፈሯ ነግሮኛል። ሻሿን ጓደኞቿ አስተካክለው አስረውላታል። የቀሚሷ እጅጌ በቀለም ተነክቷል።

ደረሰችኝ። ጎንበስ አለች። እጇን ዘረጋች፤ ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። መዳፌን በጥፍሯ እስኪያመኝ ጨመቀችው። ዳይሬክተሩ እየተመለከተ ነው፣ ጓደኞቿም ከፊትና ከኋላ። ቀና ብላ አይኔን አየችኝ።

"አክስቴ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለችኝ በሶማልኛ። "ደግ ሰው ነበር።"

እጄን ለቀቀችና አለፈች። ከኋላዋ ያለችው ልጅ እጇን ዘረጋች፤ ጨበጥኳት።